የማልሰማው ስለት

ቤቱ አዲስ ነው፤ ብሎኬት፣ ሊሾ ወለል፣ ሰፊ መስታወት፣
ጠባሴ ማዶ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ሳያንኳኳ የሚገባበት።
በጡረታ መውጫዬ ብር ሁለት ስፒከር ገዛሁ፣
ወገቤ የሚደርሱ፤ በጋሪ አስጭኜ፣ በእግሬ እየተከተልኩ አመጣሁ።
ከላይ ትንሽ ዓይን አላቸው፣ እንደ ካፖርት አዝራር፣
ከሥር ሰፌድ የሚያክል አፍ፣ ቤዙን የሚያናግር።
ሳሎኑ ውስጥ አቆምኳቸው፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ በረኛ፣
«እልፍነሽ ነይ» አልኩ፣ «ዛሬስ ባለጸጋ ነን እኛ።»

መጣች፤ ተቀመጠች። ማሲንቆው ገና ሲጀምር
ግንባሯ ላይ አየሁ አንዲት ቀጭን መስመር።
«ምነው?»
«ምንም።»
«እልፍነሽ፣ ምን?»
«ዘፋኟ ‹ሰ› ባለች ቁጥር ምላጭ ነው የሚነካኝ።
ጸናጽሉ ብርጭቆ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ይሰበራል።
ለአንተስ?»
ለእኔማ ቅቤ ነው፤ ይንሸራተታል።
እንዲያውም ደብዘዝ ቢልብኝ፣ ጧት፣ እሷ ሳትመጣ፣
የትሬብሉን ቁልፍ ጠምዝዤው ነበር፣ መጨረሻው እስኪመጣ።

ሸዋንግዛው ደረሰ፣ የሬዲዮ ጠጋኙ፣ ፒንሳውን በኪሱ ይዞ፣
ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አፍንጫው በብርድ ደንዝዞ።
ጀርባቸውን ፈታ፤ እንደ በግ አንጀት ሽቦውን ዘረጋ፤
«ትንሿ ናት ጯሂዋ፤ ታላቋማ ድምጿ የረጋ።»
ጠመኔ የምትመስል ነጭ ሬዚስተር አሳየኝ፦
«ልጓም ናት» አለኝ፤
«ፈረሱን አትገድለውም፤ አፉን ብቻ ትይዘዋለች።»
እርሳሱ ቀለጠ፣ ጢሱ ጣሪያ ነካ፤ ሬዚስተሯ ገባች።

ከዚያ ሳሎኑ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤
እጁ አንዴ ነው የጮኸው፤ ቤቱ አራቴ ደረበ።
«ግድግዳህ ነገረኛ ነው፣ የነገሩትን ስሎ የሚመልስ፤
ራቁቱን አትተወው፤ ልብስ አልብሰው ልብስ።»

እልፍነሽ ሣጥኗን ከፈተች። የመንዝ ባና ነበራት፣
ጥቁር፣ ከባድ፣ በግ በግ የሚሸት፣
አባቷ ከመሐል ሜዳ ገበያ በበቅሎ ያመጣላት፣
ለእንግዳ እንኳ የምትሰስትለት።
በአራት ሚስማር ሰቀልነው።
ጎረቤታችን እማማ ወርቅአንጥፉ በመስኮት አይተው፣
«ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል ነበር የማውቀው፤
ግድግዳ ባና ልበስ ደግሞ መጣ!» ብለው ሳቁ።
ስፒከሮቹንም ፊታቸውን ጥቂት ዞር አደረግን፣
በቀጥታ እንዳያፈጡብን።

ሱፍ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ ነበር እንጀራዬ፣
ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከሽመናው መኪና ሥር፣ ጥጥ እንኳ ሳይኖር በጆሮዬ።
መወርወሪያው ሲመላለስ በእጅ ነበር ወሬያችን።
ያኔ ማንም አልነገረኝም ድምፅ በየተራ እንደሚሄድ፣
መጀመሪያ ፌንጣ፣ ከዚያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ከዚያ ውርጭ ከእግር ሥር ሲናድ፣
ሳይሰናበቱ፣ በእግራቸው ጫፍ፣
እንደ ልቅሶ ቤት ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ሹልክ፣ እልፍ።

እንግዲህ የማልሰማውን ስለት እንዴት አድርጌ ላዶልድም?
ጆሮዬ ዳኛ አይሆንም፤ ምስክርም አይሆንም።
ፊቷን ከፊቴ አስቀመጥኩ፣ ቁልፉን በሁለት ጣት ያዝኩ፣
ግንባሯን እያነበብኩ፣ በፀጉር ስንጣቂ ልክ ወደ ግራ መለስኩ።
«አሁንስ?»
«ትንሽ።»
«አሁን?»
መስመሯ ጠፋች፤ ትከሻዋ ወረደ፤ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች፤
«አሁን ሴትዮዋ ሰው ሆነች» አለች።

ለእኔ ግን ሙዚቃው ከሩቅ መንደር እንደሚሰማ ሰርግ ሆነ፤
ከበሮው ቀረ፤ ዋሽንቱ ከጉም ጋር ተነነ።
«ዋሽንቷን ሰማሃት?» አለችኝ።
ልዋሽ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።
«አልሰማኋትም።»

ተጠጋች። ዋሽንቷ ከላይ ስትሄድ፣ እልፍነሽ ከታች፣
በደረቷ፣ በወፍራሙ፣ ያንኑ መንገድ አንጎራጎረች፣
እጄ በሚደርስበት ቁመት፣
ባናው ዝም ብሎ፣ ውጭ ውርጭ እየጣለበት።